የጥየቃ ሥርዓት በማረሚያ ቤት፦ የአስተዳዳሪው ውሳኔና የጠያቂው መብት

መግቢያ

እንደሚታወቀው ስለ ሥራ አመራር ስንማር ምሳሌዎቻችን ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ፣ ባንክ ወይም የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር ናቸው። ማረሚያ ቤት ግን ትዝ አይለንም። ሆኖም ማረሚያ ቤትም የሚመራ ተቋም ነው። ሠራተኛ አለው፣ በጀት አለው፣ ደንብ አለው፣ በየሳምንቱም በሩ ላይ የሚሰለፍ ባለጉዳይ አለው። ይህች አጭር ጽሑፍ የምታተኩረው በዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ማን ይገባል? መቼ ይገባል? ምን ይዞ ይገባል? ማንስ ይወስናል? የሚሉትን ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን ለማየት እሞክራለሁ።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ የራሳችን ቤት ነገር ነው። ያደግሁት በጌዴኦ ዞን ይርጋጨፌ ወረዳ ኢዲዶ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከጎረቤት ጋር በመሬት ድንበር ተጣልቶ ሰው በመጉዳቱ ተፈርዶበት ታሰረ። ማረሚያ ቤቱን በስም አልጠራውም፣ አስፈላጊም አይደለም። ወቅቱ ቡና የሚለቀምበት የኅዳር ወር ነበር። እናቴ የአንድ ቀን ለቀማዋን ትታ፣ ቆጮ ጋግራ በኮባ ጠቅልላ፣ ጎመን ሠርታ፣ በሌሊት ተነሥታ መኪና ይዛ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ተረኛው ዋርድያ «እማማ፣ ዛሬ አይቻልም፤ የጥየቃ ቀን ተቀይሯል» አላት። ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የተጻፈው ግን በአማርኛ ነው፤ እናቴ ደግሞ የምትናገረው ጌዴኡፋ ብቻ ነው፣ ማንበብም አትችልም። ነገሩን አንዲት ቡና ሻጭ አስረዳቻት። ምግቡን እንኳ ተቀበሉኝ ብትል የመታወቂያዋ ጊዜ አልፏል ተባለች። ቆጮውን ተሸክማ ተመለሰች።

ወንድሜ በዚያ ሳምንት ስሙ እስኪጠራ ይጠብቅ ነበር። በኋላ ሲነግረን «የተዋችሁኝ መስሎኝ ነበር» አለ። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ቃል ነው። ዋርድያው ክፉ ሰው አልነበረም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው?

1. ጥየቃ መብት ነው ወይስ ችሮታ?

ብዙ ሰው፣ ጠያቂውም ጭምር፣ መግባትን እንደ ችሮታ ነው የሚያየው። ሲፈቀድለት «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይገባል፣ ሲከለከል አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። በሕጉ መሠረት ግን እንዲህ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና ተፈርዶባቸው የታሰሩ ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸው ተጠብቆ መያዝ እንዳለባቸው ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ከትዳር ጓደኛ፣ ከቅርብ ዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከሃይማኖት አማካሪ፣ ከሐኪምና ከሕግ አማካሪ ጋር የመገናኘትና በእነርሱም የመጎብኘት ዕድል እንዲያገኙ መብት ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ጓደኛም አለ። ስለዚህ «ዘመድ ካልሆንክ አትገባም» የሚል የበር ላይ ደንብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል ማለት ነው።

ከሕገ መንግሥቱ በታች በፌዴራል ደረጃ የታራሚዎች አያያዝ ደንብ ቁጥር 138/1999 እና በኋላም የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ወጥተዋል። እነዚህ የሚመለከቱት የፌዴራል ማረሚያ ቤቶችን ነው። የዞን ማረሚያ ተቋማት የሚተዳደሩት በክልሉ ነው፤ የእኛ ዞንም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ይገኛል። ሕገ መንግሥቱ ግን ሁሉንም እኩል ያስገድዳል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣውን የእስረኞች አያያዝ አነስተኛ መመዘኛ አሻሽሎ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. «የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች» በሚል ስም አጽድቆታል። ደንብ 58 ታራሚ በየጊዜው በደብዳቤና በጥየቃ ከቤተሰቡና ከጓደኞቹ ጋር እንዲገናኝ ያዛል። ደንብ 59 በተቻለ መጠን ከመኖሪያው አካባቢ ብዙ ሳይርቅ እንዲታሰር ይጠይቃል። ደንብ 43 ደግሞ ከቤተሰብ ጋር መገናኘትን መከልከል የዲሲፕሊን ቅጣት ሊሆን እንደማይችል ይናገራል፤ ግንኙነትን መገደብ የሚቻለው ለተወሰነ ጊዜና ለጸጥታ የግድ ሲያስፈልግ ብቻ ነው። እንግዲህ «አጥፍቷልና ለሦስት ወር ጠያቂ አይገባለትም» የሚል አስተዳዳሪ ሁለት ሰው እየቀጣ ነው፤ ታራሚውንና ምንም ያላጠፋች እናቱን።

2. ከወህኒ ወደ ማረሚያ

ስማቸውን ብቻ ብናይ እንኳ የእስር ቤቶቻችን ታሪክ ከሰው የመለየት ታሪክ ነው። «ወህኒ» የሚለው ቃል በጎንደር ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይመኙ ከሕዝብ ተለይተው ይጠበቁበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ጋር ይያያዛል። የአምባው ዓላማ ማረም አልነበረም፣ ሰው እንዳያገኛቸው ማድረግ ነበር። «ከርቸሌ» የጣልያንኛ ቃል ነው። አዲስ አበባ የነበረውን ትልቁን እስር ቤት ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ብሎ ጠራው፤ የገባ ሰው ከዓለም ጋር ተለያየ ማለት ነው። ዛሬ በቦታው ላይ በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ ቆሟል።

አሁን የምንጠቀመው ስም «ማረሚያ ቤት»፣ ሰውየውም «ታራሚ» ነው። የስሙ መለወጥ ትርጉም የሚኖረው አሠራሩም ሲለወጥ ነው። ሰው ታርሞ የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው። ቤቱ በሩ ላይ ከተመለሰበት ወዴት ይመለሳል?

ይህ የስሜት ንግግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት ማረሚያ መሥሪያ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከ2003 እስከ 2007 የተፈቱ ከ16,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ጠያቂ የነበራቸው ሰዎች እንደገና በከባድ ወንጀል የመፈረድ ዕድላቸው በ13 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በእርግጥ ድሮም ጥሩ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው የሚጠየቀው ሊባል ይችላል። አጥኚዎቹ ሌሎች ምክንያቶችን ለመለየት ሞክረዋል፤ ቢሆንም የአሜሪካን ቁጥር እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

3. በበሩ ላይ ምን ይሆናል?

በሀገራችን አንድ ጠያቂ የሚያልፍበት መንገድ በአብዛኛው የሚከተለው ነው፦

ሀ. መመዝገብ። ተራ ይዞ መታወቂያ ያሳያል፤ የታራሚው ስም፣ ዝምድናውና ሰዓቱ ይጻፋል።

ለ. ዕቃ ማስቀመጥ። ሞባይል፣ ስለት ያለው ነገርና ቦርሳ ውጭ ይቀራል።

ሐ. ፍተሻ። ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ትፈትሻለች።

መ. ስንቅ ማስፈተሽ። እንጀራው ይገለጣል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠያቂዋም ካመጣችው ቀምሳ ታሳያለች።

ሠ. ማስጠራት። የታራሚው ስም ወደ ግቢው ይላካል፣ ጠሪው እየጮኸ ይጠራዋል።

ረ. መገናኘት። ብዙ ቦታ በሽቦ ወይም በእንጨት አጥር ተለያይተው፣ ሌላው ጠያቂም እየጮኸ ስለሆነ ጮኸው ያወራሉ። «ሰዓት አልቋል» ሲባል ይለያያሉ።

እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው። ሐሺሽ በዳቦ ውስጥ፣ ሞባይል በወጥ ውስጥ፣ አረቄ በውኃ ላስቲክ ሊገባ ይችላል። ቁጥጥር ከላላ የሚጎዱት ቀድመው ታራሚዎቹ ናቸው፤ ዕፅ የሚያስገባ ሰው ጉልበተኛ ይሆናል፣ ደካማውም ይገዛለታል። ስለዚህ «ፍተሻ ይቅር» የሚል የዋህ ሐሳብ የለኝም። የማንዴላ ደንብ 60 እንኳ ጠያቂ ለመግባት ፍተሻ መፍቀድ እንዳለበት ይቀበላል። ነገር ግን ፍተሻው የሚያዋርድ እንዳይሆን፣ በሰውነት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻም በተቻለ መጠን እንዲቀር፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ ጨርሶ እንዳይፈጸም ይላል። ጠያቂው ሐሳቡን ለውጦ «አልፈተሽም» ካለም ሊከለከል የሚችለው መግባት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በክፍል የተማርነውን «ማነቆ» የሚባለውን ነገር እናስታውስ። ለምሳሌ ያህል አንድ ማረሚያ ቤት 10 የመገናኛ ቦታ አለው እንበል። ለአንድ ጥየቃ 20 ደቂቃ ቢሰጥ፣ በ4 ሰዓት ውስጥ 120 ሰው ማስተናገድ ይችላል። አስተዳዳሪው በዚህ ረክቶ ይቀመጣል። ግን ከ120ው ጠያቂ 100ው ሴቶች ናቸው እንበል፤ ስንቅ አብሳይዋም አመላላሿም በአብዛኛው እናት፣ ሚስትና እኅት ናትና። ሴት ፈታሽ አንዲት ብቻ ብትሆንና ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ብትወስድ፣ በሰዓት 20፣ በ4 ሰዓት 80 ሴት ብቻ ነው የምታሳልፈው። 20 ሴቶች የመገናኛ ቦታው ባዶ ሆኖ ሳለ ይመለሳሉ! አስተዳዳሪው «ቦታ ጠበበን፣ ሕንፃ ይሠራልን» ብሎ በጀት ሊጠይቅ ይችላል። ችግሩ ግን ቦታ አይደለም፤ አንዲት ሴት ፈታሽ ቢጨመር ይፈታል። እርሷም ታራሚ አጅባ ችሎት በምትሄድበት ቀን ምን ይሆናል? የጥየቃ ቀንና የችሎት ቀን እንዳይጋጭ ማድረግ ምንም ብር አይጠይቅም፣ እቅድ ብቻ ይጠይቃል።

4. የደንቡ ባለቤት ማን ነው?

በእኔ አስተያየት ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ነው። ዋናው ደንብ ቢሮ ውስጥ በፋይል አለ። በበሩ ላይ የሚሠራው ግን ተረኛው በዚያን ቀን የሚያስበው ነው። አንዱ ተረኛ ያስገባውን ሌላው ይመልሳል። ጠያቂው ደንቡን ስለማያውቀው የሚያጠናው የዋርድያውን ፊት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መማለጃ ቢበቅል ሊደንቀን አይገባም፤ ግልጽ ያልሆነ ደንብ ባለበት «ሻይ ቡና» መምጣቱ አይቀርም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገደቡ የሚመጣው ከላይ ነው። በዚህ ረገድ የሚታወቀው የጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ ጉዳይ ነው። በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሳለች በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የጠያቂዎቿን ስም ዝርዝር እንድታቀርብ መጠየቋን በመቃወም የረኃብ አድማ ማድረጓና ጠያቂዎቿም መገደባቸው በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ተፈታለች። ከአመራር አንጻር ከዚህ የምንማረው አንድ መሣሪያ ለሁለት ሥራ ሊውል እንደሚችል ነው። የጠያቂዎች ዝርዝር እናትን ያለ መታወቂያ ለማስገባት ሊያገለግል ይችላል፤ ሰውን ከወዳጆቹ ለመነጠልም ሊያገለግል ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ዝርዝሩ ሰው የሚጨመርበት ነው ወይስ የሚቀነስበት? የተከለከለ ሰውስ ምክንያቱን በጽሑፍ አግኝቶ አቤት ማለት ይችላል? ብለን ስንጠይቅ ነው።

5. ከሌላው ዓለም ምን እንማራለን?

የመጀመሪያው ምሳሌ ደቡብ አፍሪካ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1964 እ.ኤ.አ. ሮበን ደሴት ሲገቡ የተመደቡበት ዝቅተኛ ደረጃ በስድስት ወር አንድ ጠያቂና አንድ ደብዳቤ ብቻ ይፈቅድ ነበር። በጥየቃ ጊዜ በእንግሊዝኛ ወይም በአፍሪካንስ እንጂ በአፍሪካውያን ቋንቋዎች መናገር አይቻልም ነበር፤ ጠባቂዎቹ አይሰሙትምና። እነዚያ ጠባቂዎች ሆን ብለው ነው የከለከሉት። እናቴን የመለሳት ማስታወቂያ ግን ተንኮል አልነበረበትም፤ በእርሷ ቋንቋ የጻፈ ሰው ባለመኖሩ ብቻ ነው። ለተመለሰ ሰው ግን ሁለቱም አንድ ነው።

ሁለተኛው ጣልያን ነው። ኮሮና ሲገባ በማርች 2020 እ.ኤ.አ. ጥየቃ በድንገት ታገደ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ እስር ቤቶች ሁከት ተነሣ፣ 13 እስረኞችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ መንግሥት በስልክ ምስል እየተያዩ መነጋገርን በሰፊው ፈቀደ። በሀገራችንም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የማረሚያ ቤት ጥየቃ ሲታገድ ከ4,000 በላይ ታራሚዎች በይቅርታ እንዲወጡ ተወስኗል። እገዳው ለጤና አስፈላጊ ነበር። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ አንድ በር ሲዘጋ ሌላ በር አብሮ መከፈት አለበት፣ ምክንያቱም በዚያው ቀን መነገር አለበት።

ሦስተኛው እንግሊዝ ነው። በኤፕሪል 1990 እ.ኤ.አ. በማንቸስተር ስትሬንጅዌይስ እስር ቤት ከተነሣው ትልቅ ዐመፅ በኋላ ዳኛ ዉልፍ አጥንተው በ1991 ባቀረቡት ሪፖርት ጸጥታ፣ ቁጥጥርና ፍትሕ ሚዛናቸውን መጠበቅ እንዳለባቸው፣ እስረኞችም ለቤታቸው ቅርብ ቢታሰሩና ከቤተሰብ ጋር ቢገናኙ እንደሚሻል አሳስበዋል። ጥየቃ የጸጥታ ጠላት ነው የሚለው አስተሳሰብ በልምድ ሲታይ አያስኬድም። እናቱን ቅዳሜ የሚጠብቅ ሰው ዓርብ ላይ አይረብሽም።

6. የመፍትሔ ሐሳቦች

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ሐሳቦችን ላቅርብ፦

1ኛ. የጥየቃ ደንቡ በአንድ ገጽ ተጽፎ በበሩ ላይ በአማርኛና በጌዴኡፋ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ጠዋት በር ሲከፈት አንድ ሰው በቃል ያንብበው። ቀን ሲለወጥ ታራሚዎቹ አስቀድመው ይነገራቸውና ለቤተሰብ እንዲደውሉ ይደረግ፣ ለቀበሌም ይተላለፍ።

2ኛ. ታራሚ ሲገባ «ማን ይጠይቅሃል?» ተብሎ የቅርብ ሰዎቹ ይመዝገቡ። ዝርዝሩ ለማፍጠን እንጂ ለመከልከል አይዋል። መታወቂያዋ ያለፈባት እናት ብትመጣ ልጇ ራሱ ተጠርቶ ይለያት።

3ኛ. ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንትና ሕፃን የያዘች እናት ቅድሚያ ያግኙ። ከኢዲዶ የመጣና ከከተማው የመጣ ሰው እኩል ተራ ቢይዙም ድካማቸው እኩል አይደለም። የለቀማ ወቅትም ይታሰብበት፤ በኅዳር አንድ ቀን ማጣት ለቡና ገበሬ ትልቅ ነገር ነው።

4ኛ. ሴት ፈታሾች በጠያቂው ብዛት ልክ ይመደቡ፣ ቦታውም በመጋረጃ ይከለል።

5ኛ. የተመለሰ ሰው ሁሉ ስሙና ምክንያቱ በመዝገብ ይጻፍ። አስተዳዳሪው በየወሩ መጨረሻ ያንብበው። ስንት ሰው እንደገባ ብቻ የሚቆጥር ተቋም ችግሩን አያየውም። ይህ መዝገብ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባለሙያዎች ለክትትል ሲመጡም ተቋሙን ይጠቅመዋል።

6ኛ. ስንቅ በምንም ምክንያት ያለ ፍተሻ አይመለስ። ሰው መግባት ባይችል እንኳ ምግቡ ተቀምሶ፣ ተፈትሾ፣ «እናትህ መጥታ ነበር» ከሚል ቃል ጋር ይድረሰው።

መደምደሚያ

በሚቀጥለው ጊዜ ከእናቴ ጋር የሄድኩት እኔ ነበርኩ። መታወቂያዋ ገና አልታደሰም ነበር። ያን ቀን ተረኛ የነበሩት ሴት ሳጅን ነበሩ። መታወቂያውን አይተው ዝም አሉ፣ ከዚያ «ልጅሽ ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁ። እኔ ተረጎምኩ። ወንድሜን አስጠርተው ከሽቦው ማዶ ቆሞ «ይቺ ማን ናት?» አሉት። ወንድሜ መልስ ከመስጠቱ በፊት አለቀሰ። ሳጅኗም መዝገቡ ላይ «በታራሚው ተለይታለች» ብለው ጽፈው ፈረሙና አስገቧት። ጠቅላላ ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከላይ የዘረዘርኳቸው ሐሳቦች ሁሉ ከዚያች አምስት ደቂቃ የወጡ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። እኚያ ሳጅን ጸጥታውን አላላሉም፤ እንዲያውም ማንነቷን ካለፈ መታወቂያ ይልቅ በተሻለ ማስረጃ አረጋገጡ። ችግሩ ያ ውሳኔ የእርሳቸው ደግነት ሆኖ መቅረቱ ነው። በማግስቱ ሌላ ተረኛ ሲመጣ አብሮ ይጠፋል። የጥሩ አመራር ሥራ አንድ ደግ ሰው በአንድ ቀን የሠራውን፣ ደግም ሆነ ደረቅ ተረኛ በየቀኑ እንዲሠራው ማድረግ ነው።

ከእኛ መካከል ነገ በየዞኑና በየወረዳው መሥሪያ ቤት የሚመደቡ ብዙዎች ናቸው፤ ምናልባት በማረሚያ ተቋምም። የትም ብንመደብ በር አለው፣ በሩም ላይ ከሩቅ የመጣ ሰው ይቆማል። ደንብ ስንጽፍ ያንን ሰው እናስብ።

ለታሰሩት መፈታትን፣ ለጠያቂዎችም ብርታትን እየተመኘሁ በዚሁ አበቃለሁ። ቸር ይግጠመን።